በሐዋሳ ሐይቅ ጀልባ ለሚያወርዱ ቤተ ሰቦች

በታላላቅ ባሕሮች ዳር፣ ጨረቃና ፀሐይ ከሚስቡት የተነሣ፣ ውሃው በየቀኑ ይሞላል፤ ይጎድላልም። ስለዚህ በዚያ ጀልባውን በተሳቢ ጋሪ ጭኖ የሚያወርድ ሰው አስቀድሞ የሙላቱን ሰዓት ይጠይቃል። በሐዋሳ ሐይቅ ግን፣ ስፋቱ ትንሽ ስለ ሆነ፣ ይህ ሙላትና ጉድለት በዓይን አይታወቅም። በዚህ የሚፈራው ነፋስ ነው።

በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን አንሥተው በማለዳ ሲመለሱ ረግቶ የሚታየው ውሃ፣ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይናወጣል። እንግዲህ ጀልባ ሲወርድ ፊቱን ወደ ሞገዱ ማቅናት ይገባል፤ ጎኑን ለሞገድ የሰጠ ጀልባ ውሃ ይገባበታል፤ ሊገለበጥም ይችላል። ሲወጣም ገመዱን በዳር ለቆመ ብርቱ ሰው አስቀድሞ ማቀበል ነው። በጀልባውና በጋሪው መካከል ግን ማንም አይቁም፤ አንድ ሞገድ የገፋው ጀልባ እግር ይሰብራልና።

ከሁሉ ይልቅ አባቶችንና እናቶችን የምንመክረው ስለ ልጆች ነው። ልጅ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይለብስ አይሳፈር፤ ጀልባው ሲወርድና ሲወጣም ከውሃው ርቆ በሰው እጅ ይያዝ። ነፋስ ከተነሣ መንገዱን መተው ፍርሃት አይደለም፤ አስተዋይነት ነው። ዛሬ የቀረ ጀልባ ነገ ይወርዳል፤ ውሃ የወሰደው ልጅ ግን አይመለስም።