በቆሎው ለምን ዝም አለ?

ስልካችሁን አንሡና ዩቲዩብ ላይ «የበቆሎ ውስኪ በቤት ውስጥ» ብላችሁ ፈልጉ። ባርኔጣ ያጠለቀ አሜሪካዊ ይመጣላችኋል። የሚያብረቀርቅ የመዳብ ጋን አለው፤ ከኋላው አረንጓዴ ጓሮ ይታያል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በቆሎው ይፈጫል፣ ይበስላል፣ ይብላላል፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ሰውየው ቀመስ ያደርግና ዐይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። በቃ፣ አለቀ! ቪዲዮው ዘሎት የሚያልፈው በመሃል ያሉትን ቀናት ነው። ነገርዬው የሚሳካውም የሚበላሸውም ደግሞ እነዚያ ቀናት ላይ ነው።

የእኛ አገር እናቶች ለዚህ ሥራ ቪዲዮ አላስፈለጋቸውም። ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ የምታገኟት አርሲ ነገሌ በአረቄዋ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። እዚያ ብዙ ሴቶች ቤት ያቆሙት፣ ልጅ ያስተማሩት ድፍድፍ ጥለው፣ እሳት ላይ ተጎንብሰው ነው። ጎጃም ሂዱ፣ ሸዋ ሂዱ፣ እህሉ ይለያይ እንጂ ሥራው ያው ነው። አንዱ ዳጉሳ ይጠቀማል፣ ሌላው ማሽላ፣ ሌላው በቆሎ። «አረቄ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ላብ» ማለት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ላብ ላብ ስለሚለው የወጣ ስም ነው። የአውጪዋንም ላብ ብትጨምሩበት ከእውነቱ አትርቁም።

በሰፈራችን ያለች አንዲት ልጅ (ስሟን እንዳልጽፍ አስምላኛለች) ዘንድሮ ይህን ሥራ ልሞክር ብላ ተነሣች። በአካውንቲንግ ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሲቪዋን ያላስገባችበት መሥሪያ ቤት የለም። እናቷ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃቸው አረቄ አውጪ ነበሩ። ሦስት ልጆች ያሳደጉት፣ ደብተርና ዩኒፎርም የገዙት በዚያው ጠብታ ነው። ዛሬ ዐይናቸው ጭስ አይችልም፣ ወገባቸውም እንስራ አያነሣም። ካቆሙ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ልጅቷ «እማዬ፣ እኔ ልቀጥልበት» ስትላቸው ምን ያሉ ይመስላችኋል?

«እኔ ጭሱን የጠጣሁት አንቺ እንዳትጠጪው ብዬ ነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። እንስራውንም አልሰጥም አሉ። «እኔ ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ በአፋቸው ባይናገሩትም ልጅቷ ሰምታዋለች።

እናት እንቢ ሲሉ ስልክ አለ። ልጅቷ ያንን ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አየችው። ከዕቁቧ ላይ ቀንሳ 5 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት፣ 1 ኪሎ ብቅልና የዳቦ እርሾ ገዛች። ጓደኛዋ የተከራየችበት ቤት ኩሽና ውስጥ፣ በትልቅ ድስት ሥራ ጀመረች። በቆሎውን እንደ ገንፎ አበሰለችው። ከእሳት እንዳወረደችው ብቅሉን ጨመረች፣ አማሰለች፣ በውሃ አቀጠነችው። ከዚያ ለብ ሲል እርሾውን በተነችበትና በንጹሕ ባልዲ ገልብጣ በጨርቅ ሸፈነችው።

በማግሥቱ ጠዋት ከፍታ አየችው። ዝም። ማታ አየችው፤ ዳርዳሩን ጥቂት አረፋ፣ ሌላው ዝም። በሦስተኛው ቀን እንደ ተረሳ ገንፎ ከላይ ውሃ ቋጠረ። ፎቶ አንሥታ ቴሌግራም ላይ ብትጠይቅ አንዱ «ስኳር ጨምሪበት»፣ ሌላው «ድፊው» አላት። 5 ኪሎ በቆሎ መድፋት ሥራ ለሌለው ሰው ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

እዚህ ላይ ልጅቷን ባልዲዋ አጠገብ እንተዋትና በቆሎው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንይ።

በቆሎ ከክብደቱ 70 በመቶ ገደማ ስታርች ነው። አልኮል የሚሠራው ግን እርሾ ነው፤ እርሾ ደግሞ ስታርች መብላት አይችልም። የሚበላው ስኳር ነው። ስለዚህ በመሃል ስታርቹን ቆራርጦ ስኳር የሚያደርግ አካል ያስፈልጋል። ብቅል የሚገባው ለዚህ ነው። ገብሱ ወይም ስንዴው ርሶ ሲበቅል፣ ለራሱ ቡቃያ ምግብ ለማዘጋጀት ሲል ኢንዛይም የሚባሉ ነገሮችን ያመርታል። እኛ ያንን በቅሎ የደረቀ እህል ፈጭተን በቆሎው ላይ ስንጨምረው፣ ኢንዛይሙ ከገብሱ አልፎ የበቆሎውንም ስታርች መቁረጥ ይጀምራል።

ታዲያ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ በቆሎው መብሰል አለበት፤ ጥሬ ስታርች እንደ ተዘጋ ሳጥን ነው። የበቆሎ ስታርች ሳጥኑን የሚከፍተው ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ውሃ መጥጦ ሲያብጥ ነው። ሁለተኛ፣ ብቅሉ የሚገባው ገንፎው ሲበርድለት ነው። የብቅል ኢንዛይም 65 ዲግሪ አካባቢ ግሩም አድርጎ ይሠራል። ከ80 ዲግሪ በላይ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ሦስተኛ፣ እርሾው የሚገባው የበለጠ ሲቀዘቅዝ፣ 30 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው። ሦስት ሥራ፣ ሦስት ሙቀት። የኬንታኪው ቡርቦን ውስኪም በሕግ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን ያለበት መጠጥ ነውና በዚሁ መንገድ ያልፋል።

አሁን የልጅቷ ባልዲ ለምን ዝም እንዳለ ሳይገባችሁ አይቀርም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከእሳት የወረደ ገንፎ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ወፍራም ስለሆነም ቶሎ አይበርድም። ብቅሉ እዚያ ውስጥ ሲገባ ተቀቀለ። በኋላ የገባው እርሾ ጤነኛ ነበር፤ ግን የሚበላው አጥቶ ቁጭ አለ። ሰውየው ቪዲዮው ላይ ቴርሞሜትሩን ያሳየው ለሁለት ሴኮንድ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ ልጅቷ አማራጭ ስታጣ እናቷ ዘንድ ሄደች። ባልዲውን በባጃጅ ይዛ። እናት ምንም አልተናገሩም። ክዳኑን ገለጥ አድርገው አሸተቱ፣ በጣታቸው ጠቅሰው ቀመሱ።

«ብቅሉን መቼ ነው የጨመርሽው?»

«ገንፎው እንደወረደ። ትኩሱን።»

«ነፍስ ያለውን ነገር እሳት ላይ ትጥያለሽ?»

ልብ በሉ፣ እኚህ ሴት ኢንዛይም የሚል ቃል ሰምተው አያውቁም። ነገር ግን ብቅል «ነፍስ እንዳለው» ያውቃሉ። እንኩሮው ቀዝቅዞ እንጂ በትኩሱ እንደማይጨመር፣ ጣፋጭነት ካልመጣ ፍላት እንደማይመጣ ከእናታቸው ተቀብለዋል። ሲቀምሱት ያጡት ያንን ጣፋጭነት ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን አዮዲን አንድ ጠብታ ብታንጠባጥቡበት ያንኑ ይነግራችኋል፦ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርቹ ገና አልተቆረጠም ማለት ነው።

«ኮምጠጥ ብሏል እንጂ አልሞተም» አሉ እናት። ልጃቸውን አዲስ ብቅል አስመጡ። ጎረቤት ልከው አንድ ጆግ ጥንስስ ተበደሩ። ጥንስስ ማለት የጌሾ ቅጠልና ብቅል በውሃ ተበጥብጦ ለቀናት የቆየ፣ እርሾው የነቃበት ድብልቅ ነው። የጌሾው መራራነት የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል፣ እርሾውን ግን አይጎዳም። ያ አልሰጥም የተባለው እንስራም ከአልጋ ሥር ወጣ። በግራዋ ታጠበ፣ በወይራ ታጠነ፣ ድፍድፉ ተገለበጠበት።

በማግሥቱ ማታ ልጅቷ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ምንም ንግግር የለበትም። ስልኳን እንስራው አፍ ላይ አድርጋ የቀዳችው ነው፦ ቆርቆሮ ላይ ካፊያ ሲወርድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። እርሾው ሥራ ይዟል፤ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየቀየረ ነው። ያ «ጭስ ጭስ» የሚል የአረፋ ድምፅ ጋዙ ሲወጣ ነው።

በአምስተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ፣ አረፋው ወደ ታች ሰጠመ፣ ጣዕሙ መራራና ኮምጣጣ ሆነ፤ ስኳሩ ማለቁን የሚያሳይ ነው። እናትና ልጅ አብረው አወጡት። 3 ሊትር ያህል ተራ አረቄ ወጣ። በሒሳብ ከሄድን 5 ኪሎ በቆሎ ቢበዛ ቢበዛ 2 ሊትር ተኩል ንጹሕ አልኮል ይወጣዋል። ተራ አረቄ ደግሞ ሲሶ ያህል አልኮል ነው ያለው፤ ጠንከር የሚለው ሁለት ጊዜ የወጣው ዳግም ነው። ስለዚህ ልጅቷ ያገኘችው ማግኘት ከምትችለው ከግማሽ በታች ነው። እናት ቀምሰው «ለመጀመሪያ ደህና ነው፤ የሚሸጥ ግን አይደለም» አሉ። የሚቀጥለውን ሊያስተምሯት ተስማሙ። ሁለት ነገር አስማሏት፦ ሥራ መፈለጓን እንዳታቆም፣ ደግሞም ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሳታሠራ እሳት እንዳታነድ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለእናንተ ነው፤ በተለይ ይህን አንብባችሁ እጃችሁን ለሚያሳክካችሁ።

አንደኛ፣ የሚብላላ ነገር ድፍን ባለ ዕቃ ውስጥ አትዝጉ። ጋዙ መውጫ ካጣ ጄሪካን ያፈነዳል።

ሁለተኛ፣ አልኮል ይተናል፣ የአልኮል ተን ደግሞ እሳት ይይዛል። የሚወጣውን አረቄ ከምድጃው አርቁት፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ መቀዝቀዣውን ውሃ ሞቅ ባለ ቁጥር ቀይሩ። እሳቱ እየነደደ ስልክ ላይ ማፍጠጥ የለም።

ሦስተኛ፣ ዕቃው። አሜሪካ ውስጥ በአሮጌ የመኪና ራዲያተር አረቄ ያቀዘቀዙ ሰዎች በእርሳስ ተመርዘዋል። ምግብ የማታበስሉበትን ብረት ለአረቄም አትጠቀሙበት።

አራተኛ፣ ሜታኖል። ይህ ዐይን የሚያጠፋ፣ የሚገድል መርዝ ነው። እህል ሲብላላ የሚፈጠረው መጠን ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያልቅባቸው አደጋዎች በአብዛኛው የሚመጡት ነጋዴ የፋብሪካ ሜታኖል ሲቀላቅል ነው። «ሰማያዊ ነበልባል ካለው ንጹሕ ነው» የሚለውን ወሬ እርሱት፤ በነበልባልም በጣዕምም አይለይም። የመጀመሪያውን ጠብታ መድፋት መጥፎ ሽታውን ይቀንሳል እንጂ ሜታኖል የተቀላቀለበትን አያጠራም። ሰው ከጠጣ በኋላ፣ በማግሥቱም ቢሆን፣ ዐይኑ ብዥ ካለበትና ትንፋሹ ከፈጠነ «ስካር ነው» ብላችሁ አታስተኙት። ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

አምስተኛ፣ ሕግ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ጠላና ጠጅ ለቤት መጥመቅና አረቄ ማውጣት አንድ እንዳይመስላችሁ፤ ያለ ፈቃድ ማውጣትን የፌዴራል ሕጉ ሲከለክል ኖሯል፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሶ ሲያከራክር ቆይቷል። ሳዑዲና ኩዌት ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ለእናንተ ጨዋታው እስርና መባረር ነውና አትሞክሩት። መጠጡን በተመለከተም የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ምንም ጉዳት የማያመጣ የአልኮል መጠን የለም ብሏል።

ይህን ሁሉ ብዬ ስጨርስ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ የሚያውቀውን ለዓለም አስተምሯል፣ ከቪዲዮውም ገንዘብ ሳያገኝ አይቀርም። አርባ ዓመት እንኩሮ ያነኮሩ፣ ሙቀትን በጣት፣ ፍላትን በጆሮ የሚለኩ እናቶች ግን እውቀታቸው ከእንስራው ጋር አልጋ ሥር ተቀምጧል። ልጆቻቸው እንዲወርሱት አይፈልጉም፤ በጭስ፣ በንቀትና በድካም የተገኘ ስለሆነ እውነታቸውን ነው። ግን ሥራውን አለመውረስና እውቀቱን ማጣት ለየቅል ነው። ብቅሉ ለዳቦም ያስፈልጋል፣ ጥንስሱ ለጠላም ይሆናል፣ መብላላትን የሚያውቅ ሰው እንጀራውም አይበላሽበትም። የምግብ ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ልጆች ደግሞ መመረቂያ ጽሑፍ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለባችሁም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ለአንድ ሰዓት ከቲክቶክ አስፈቱት። እናታችሁን፣ አያታችሁን ወይም የጎረቤት እትዬን «ይሄን እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብላችሁ ጠይቁና ቅዱ። ስንት ኪሎ፣ ስንት ቀን፣ ምን ሲሸት፣ ምን ሲሰማ የሚለውን አስቆጥሯቸው። መጀመሪያ «ምን ያደርግልሃል? ምን ያደርግልሻል?» ይሏችኋል። አትተዉ። ሁለተኛ ስትጠይቁ መናገር ይጀምራሉ።