ከፈረሰኞቹ የሚቀሰም የሳይንስ በዓል

የሳይንስ ፌስቲቫል ላቦራቶሪ አደባባይ ወጥቶ፣ ሕፃንም ሽማግሌም በእጁ እየነካ የሚጠይቅበት የጥቂት ቀናት በዓል ነው። ፈር ቀዳጅ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1989) በስኮትላንዷ ኤድንብራ የተጀመረው ሲሆን፣ ወጪውን ከመግቢያ ትኬት፣ ከድጋፍ ሰጪዎችና ትምህርት ቤቶችን እየዞረ ከሚያስተምረው ቡድኑ ያሰባስባል። እኛም አገር ዩኒቨርሲቲዎች የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከላት ከፍተው ታዳጊዎችን ያሠለጥናሉ፤ የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርእይም ብርቅ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ እንዲህ ያለ በዓል መጀመር አይከብድም። የሚከብደው የፕሮጀክቱ በጀት ሲያልቅ ድንኳኑም አብሮ እንዳይጠቀለል ማድረግ ነው። ለዚህ ከኤድንብራ ይልቅ እንጅባራ ታስተምረናለች ባይ ነኝ።

እንጅባራ ላይ በየዓመቱ በዓሉን የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ንጉሡም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም አልፈዋል፤ የጥር 23ቱ ጉግስና ሽምጥ ግልቢያ ግን አልቀረም። ምስጢሩ ሩቅ አይደለም። ፈረሱ የባለቤቱ ነው፤ ቀልቦ፣ ኮርቻና ልጓም አሰማምሮ የሚመጣው ራሱ ነው። አባላቱ ደግሞ የሚገናኙት በዓመት አንዴ ብቻ ሳይሆን በለቅሶም በሰርግም ነው። በዓሉ የዓመት ሙሉ ዝምድና አንዱ ቀን ስለሆነ ጠሪ አያስፈልገውም።

«ፈረስ ክብር አለው፣ ዐድዋን ያስታውሳል፤ ለሳይንስ ማን መዋጮ ያወጣል?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ስለ ጠፈር ጉዞ የሚያወራ ድንኳን ለገበሬው የአንድ ቀን ትርኢት ነው። የገዛ ማሳው ነገር ሲነሣ ግን ጆሮው ይቆማል። ዝናብ የሚበዛበት የጎጃም ደጋ አፈር በአሲዳማነት ተጠቅቷል፤ ጎርፉና ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥበው ወስደዋል። የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረሱንም አፈሩ ይዞ ስለሚያስቀር፣ በውድ የተገዛው ማዳበሪያ ሳይጠቅም ይቀራል። ይህንን በበዓሉ ለማሳየት መነሻው ቀላል ነው። ቀይ ጥቅል ጎመን ተከትፎ ሲቀቀል ሐምራዊ ውሃ ይወጣዋል፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ይቀላል፣ ኖራ ሲነሰነስበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሕፃናቱ በዚህ ሲደነቁ፣ አባት በፌስታል ቋጥሮ ያመጣው አፈር ጎን ለጎን በፒኤች መለኪያ ይነበብለታል። ፈረሰኛው ፈረሱን ይዞ እንደሚመጣ፣ ገበሬው አፈሩን ይዞ መጣ።

በዓሉን እንደ ፈረሰኞቹ የአባላት ማኅበር ያቁመው ሲባል የሚነሣው «እድር ላቦራቶሪ አይገዛም» የሚለው ክርክርም ትክክል ነው፤ እንዲገዛም የሚጠይቀው የለም። መሣሪያውና መምህሩ የዩኒቨርሲቲው ናቸው፣ ይሁኑም። በዓል የሚገድለው ጥቃቅኑ ወጪ ነው፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ከየወረዳው ለሚመጡ ተማሪዎች መኪናና ምሳ። ይህንን ደግሞ እድርና ሰንበቴ ያለው ሕዝብ ያውቅበታል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ነጋዴው የቦታ ኪራይ ቢከፍል አይጠላም፤ መርሐ ግብሩን ግን አባላቱ ያውጡ፣ አለዚያ በዓሉ ማስታወቂያ ይሆናል።

ወሩም ጥር ቢሆን ይሻላል። አዝመራው ተሰብስቧል፣ መንገዱ ደርቋል። የአፈሩን አሲዳማነት የሚያክመው ኖራ ደግሞ ዘር ከመዘራቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት፤ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ ማጓጓዙም ጊዜ ይወስዳል። በሰኔ የተነገረ የአፈር ውጤት ለዚያ ዓመት አይደርስም።