በሲ ፕሮግራም ዳታ በቲኤልኤስ ስትልኩ

ሞጆ ደረቅ ወደብ ዙሪያ ለሎጂስቲክስ ሥራ በሲ ፕሮግራም የምትጽፉ ወጣቶች፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር ማሸጊያው አለመሰበሩ ብቻ አይበቃም፤ ተረካቢው ማን እንደሆነም ይጣራል። ዳታን በምስጢር የሚልከው ቲኤልኤስም እንዲሁ ነው። የቲኤልኤስ ላይብረሪው ኦፕን ኤስኤስኤል በደንበኛው በኩል እንዲያጣራ ካላዘዛችሁት በስተቀር የሰርቨሩ ሰርተፍኬት ትክክል ባይሆንም ግንኙነቱን ይቀጥላል። በ«ኤስኤስኤል ሴት ቬሪፋይ» ማረጋገጫውን አብሩ፤ በ«ኤስኤስኤል ሴት1 ሆስት» የሰርቨሩን ስም ስጡት። አለበለዚያ ከሌባ ጋር በምስጢር እያወራችሁ ነው።

ከዚያ ዳታውን በ«ኤስኤስኤል ራይት» ላኩ። ከዜሮ በላይ ከመለሰ ያን ያህል ባይት ጽፏል። ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ወዲያው «ኤስኤስኤል ጌት ኤረር»ን ጥሩ። ነን ብሎኪንግ ሶኬት ላይ «ዋንት ሪድ» ወይም «ዋንት ራይት» ቢላችሁ ግንኙነቱን አትዝጉ፤ ሶኬቱ ሲዘጋጅ ያንኑ በፈር በዚያው ርዝመት ድገሙት። በመላክ መሃል ማንበብ የሚያስፈልገው ቲኤልኤስ የራሱ የውስጥ መልእክቶች ስላሉት ነው።

ተጻፈ ማለት ግን ተቀባዩ ዳታቤዝ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም፤ ባይቶቹ ገና እዚያው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰርቨሩ መመዝገቡን በራሱ መልስ እስኪያረጋግጥላችሁ ድረስ የኮንቴይነሩን ሪከርድ አታጥፉ።