የፓራታይሮይድ ዕባጭ ከቀዶ ሕክምና በፊት እንዴት ይፈለጋል?

ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ፓራታይሮይድ የሚባሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑ ዕጢዎች አሉ። እያንዳንዳቸው ቢበዛ የምስር ፍሬ ያክላሉ፤ ሥራቸው በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም መቆጣጠር ነው። አንዷ አብጣ ያለ ልክ ሆርሞን ስታመነጭ ካልሲየም ከአጥንት ወጥቶ ወደ ደም ይገባል። አጥንት ይሳሳል፣ ኩላሊት ጠጠር ይቋጥራል፣ ሰውነት ይዝላል። ዕባጩ ካንሰር የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሕመምተኛው ይድናል።

አስቸጋሪው ቦታውን ማግኘት ነው። አሜሪካዊው የመርከብ ካፒቴን ቻርልስ ማርቴል ስድስት ጊዜ ተቀዶ ዕባጩ አልተገኘለትም። በ1932 እ.ኤ.አ. በሰባተኛው ቀዶ ሕክምና ደረቱ ውስጥ ተገኘ፤ እሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ዛሬ ፍለጋው የሚጀመረው በአልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል። ነገር ግን ከደረት አጥንት በስተጀርባ ያለውን አያሳይም። እንቅርት በብዛት በሚታይበት በደጋው አገራችን ደግሞ የታይሮይድ እብጠት ከፓራታይሮይድ ጋር ሊያምታታ ይችላል።

ሁለተኛው የሴስታሚቢ ምርመራ ነው። ጨረር አመንጪ በሆነው ቴክኒሺየም የተዘጋጀ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጥና ጋማ ካሜራ መጀመሪያ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቀጥሎም ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ያነሳል። ታይሮይድ መድኃኒቱን ቶሎ ሲለቅ ዕባጩ ይዞት ይቆያል፤ በሁለተኛው ምስል ላይ ለብቻው የሚታየውም ለዚህ ነው። ቴክኒሺየም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ለብዙ ጊዜ ተከማችቶ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ምርመራው የኑክሌር ሕክምና ክፍል ይፈልጋል፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ክፍል ካላቸው አንዱ አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። በተለያየ ቅጽበት የሚነሳ ሲቲ ስካን ደግሞ ዕባጩ የደም ሥር ቀለሙን ቶሎ ተቀብሎ ቶሎ ሲለቅ ያሳያል።

ምስል የሚናገረው ዕባጩ የት እንዳለ ነው፤ በሽታው መኖሩን የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ ነው። ምስሉ ምንም ባያሳይም በሽታው የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ በሞርሲቶም ሆነ በሆሳዕና የምትኖሩ፣ የኩላሊት ጠጠር የሚመላለስባችሁ ወይም አጥንታችሁ በቀላሉ የሚሰበር ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ስለ ካልሲየም ምርመራ ጠይቁ።