ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ድር አገልግሎቶች አስተዳደርና የአቅም ፈተና

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የጤና መድን መግዣ ድረ ገጹን ለሕዝብ ከፈተ። ሄልዝኬር ዶት ጋቭ የተባለው ይህ ድረ ገጽ በ2010 የወጣውን የጤና መድን ሕግ በሥራ ለመተርጎም የታሰበ ሲሆን፣ 36 ክፍላተ ግዛትን ያገለግል ነበር። ሕዝቡ ገና ከማለዳው ጎረፈ፤ ገጹም ቆመ። ቆየት ብሎ በተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ይፋ የተደረገ የስብሰባ ማስታወሻ እንዳመለከተው፣ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን እስከ መጨረሻው የፈጸሙት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በስደት አሜሪካ ከምንኖረው ወገኖች መካከል ታክሲ እየነዱ ወይም አነስተኛ ሱቅ እየጠበቁ የሚተዳደሩ፣ ከአሠሪ የሚገኝ የጤና መድን የሌላቸው ብዙዎች በመሆናቸው፣ ጉዳዩ ለእኛም የሩቅ ወሬ አልነበረም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ የዚህ ዓይነቱ ውድቀት ዋነኛ ምክንያት የዕውቀት ማነስ አለመሆኑን ነው። ምክንያቱ ሥራውን በወቅቱ አለመፈተንና የፈተናውን ውጤት ሰምቶ የሚወስን ባለቤት አለመኖሩ ነው።

የድር አገልግሎት ስንል ሰው በዓይኑ የሚያየውን ገጽ ማለታችን አይደለም። አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከሌላ ፕሮግራም መረጃ ጠይቆ መልስ የሚቀበልበትን፣ ደንቡ አስቀድሞ በስምምነት የተወሰነ መገናኛ ማለታችን ነው። አንድ አመልካች ቅጹን ሞልቶ ሲልክ፣ ሲስተሙ ከጀርባ ማንነቱን ከማኅበራዊ ዋስትና፣ ገቢውን ከግብር ሰብሳቢው፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ከአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ያጣራ ነበር። አመልካቹ አንድ ገጽ ይመስለው እንጂ ጥያቄው በብዙ እጆች ያልፋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በዚህ ሥራ ግን ድሩ ባበረ ቁጥር የአንዷ ክር መላላት ሁሉንም ይጎትታል። ለምሳሌ አምስት አገልግሎቶች እያንዳንዳቸው ከ100 ጥያቄዎች 99ኙን በትክክል የሚመልሱ ናቸው እንበል። አምስቱንም ማለፍ ያለበት ጥያቄ የሚሳካበት ዕድል ወደ 95 ከመቶ ይወርዳል። አገልግሎቶቹ ሃያ ቢሆኑ ደግሞ ወደ 82 ከመቶ ያሽቆለቁላል። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ተፈትኖ አልፏል ማለት ሙሉው ሲስተም አልፏል ማለት ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰልፍ ሒሳብ ነው። ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች ባሳተመው ጥናት የጀመረው ይህ ሒሳብ፣ ዛሬም የኮምፒዩተር አቅም የሚለካበት መሠረት ነው። በ1961 አሜሪካዊው ጆን ሊትል ባረጋገጠው ሕግ መሠረት፣ በአንድ ጊዜ በሲስተም ውስጥ የሚገኙት ጥያቄዎች ብዛት በሰከንድ የሚገቡት ቁጥር እያንዳንዱ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በሰከንድ 200 ጥያቄዎች ገብተው እያንዳንዱ ግማሽ ሰከንድ ቢቆይ፣ በውስጥ የሚኖሩት 100 ናቸው። የምላሹ ጊዜ ወደ 8 ሰከንድ ቢረዝም ግን፣ አንድም ተጨማሪ ሰው ሳይመጣ፣ 1,600 ይሆናሉ። እያንዳንዱም የማስታወሻ ቦታና የግንኙነት መስመር ይዞ ስለሚጠብቅ፣ መዘግየቱ ራሱ ሌላ መዘግየት ይወልዳል።

ከዚህም በላይ የመዘግየቱ ዕድገት እኩል አይደለም። በቀላሉ የሰልፍ ሞዴል ሲታይ፣ ሰርቨሩ 50 ከመቶ ሥራ ሲበዛበት የምላሹ ጊዜ ያለ ሰልፍ ከሚወስደው ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ በ90 ከመቶ አሥር እጥፍ፣ በ95 ከመቶ ሃያ እጥፍ ይደርሳል። በመሆኑም በመቶ ሰው የተሞከረ ሲስተም በአሥር ሺህ ሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን ከመጀመሪያው ሙከራ ተነሥቶ መገመት አይቻልም።

የአቅም ፈተና የሚባለው እንግዲህ ይህን አስቀድሞ የማየት ሥራ ነው። ጄሜትርን የመሰሉ ፕሮግራሞች በሺህ የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎችን አስመስለው ጥያቄ ይልካሉ። ፈተናው ሦስት ዓይነት መልክ ይኖረዋል፦ የሚጠበቀውን ሸክም መጫን፣ እስኪሰበር ድረስ ማክበድ፣ እንዲሁም መካከለኛ ሸክም ለብዙ ሰዓታት አቆይቶ ቀስ በቀስ የሚወጣውን ድካም መመልከት። ውጤቱን በአማካይ ብቻ መመዘን ግን ያሳስታል። ከ100 ጥያቄዎች 99ኙ በ0.2 ሰከንድ፣ አንዱ በ30 ሰከንድ ቢመለሱ፣ አማካዩ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ መልካም ይመስላል፤ ያ አንዱ ሰው ግን ተስፋ ቆርጦ ሄዷል። ስለዚህ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ወይም ዘጠና ዘጠኙ በስንት ሰከንድ ውስጥ መልስ አገኙ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ወደ ሄልዝኬር ዶት ጋቭ እንመለስ። የመንግሥቱ የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበሩት ቶድ ፓርክ እንደተናገሩት፣ በአንድ ጊዜ ከ50,000 እስከ 60,000 ሰው ሲጠበቅ የመጣው 250,000 ያህል ነበር። ነገር ግን የሰው ብዛት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ዋሽንግተን ፖስት እንደዘገበው፣ ከመክፈቻው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በተደረገ ሙከራ ሲስተሙ በጥቂት መቶ አስመሳይ ተጠቃሚዎች ቆሞ ነበር። ዋጋ ለማየት የሚፈልግ ሁሉ በቅድሚያ የራሱን መዝገብ እንዲከፍት በመገደዱም ሕዝቡ በአንዲት ጠባብ በር ተጨናነቀ። ተቋራጮቹ በምክር ቤት ቀርበው እንደመሰከሩት፣ ሙሉው ሲስተም ከጫፍ እስከ ጫፍ የተፈተነው ሊከፈት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት የፈተናው ጊዜ ማነሱንና ሥራውን በበላይነት የሚመራ አንድ ባለሥልጣን አለመኖሩን አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ነበር፤ የመክፈቻው ቀን ግን አልተነካም። መጥፎ ወሬ ወደ ላይ በማይወጣበት ተቋም ምን እንደሚደርስ እኛ ኢትዮጵያውያን ከመጻሕፍት ብቻ የተማርነው አይደለም።

ጥገናው የጀመረውም ከባለቤትነት ነው። ጄፍሪ ዛየንትስ ሥራውን በኃላፊነት እንዲመሩ ተሾሙ፤ የእያንዳንዱ አገልግሎት ሁኔታ መለካት ጀመረ፤ ስሕተቶችም በክብደታቸው ቅደም ተከተል ተስተካከሉ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2013 በወጣው የመንግሥት ሪፖርት መሠረት፣ የምላሹ ጊዜ ከ8 ሰከንድ ወደ አንድ ሰከንድ በታች፣ የስሕተቱ መጠን ከ6 ከመቶ ወደ አንድ ከመቶ በታች ወርዶ፣ ገጹ 50,000 ሰው በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ችሏል። በ2014 የመጀመሪያው የምዝገባ ወቅት ሲያበቃ፣ የክፍላተ ግዛቱን የራሳቸውን ገበያዎች ጨምሮ፣ 8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድን መርጠዋል። ሕጉም ተቋራጮቹም በአብዛኛው እነዚያው ነበሩ፤ የተለወጠው አመራሩና መለኪያው ነው።

ይህ ትምህርት ለአሜሪካ ብቻ አይደለም። በአገራችንም ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መክፈልና መቀበል የብዙ ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮ ሆኗል። ነገ ጡረታውም፣ ትምህርቱም፣ የመሬት መዝገቡም በዚሁ መስመር ላይ መውጣቱ አይቀርም። በውጭ ያለን ባለሙያዎች በዚህ ዓይነት ሥራ ምክር ስንጠየቅ፣ የምንመርጠውን የፕሮግራም ቋንቋ ከማወደሳችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ማስቀደም ይገባናል። ሲስተሙ ሙሉ ሆኖ በስንት ሰው ተፈተነ? አንዱ አገልግሎት ሲዘገይ ሌሎቹ ምን ይሆናሉ? ውጤቱ መጥፎ ከሆነስ የመክፈቻውን ቀን ለማራዘም ሥልጣን ያለው ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለ፣ የሁለቱ መልስ ማንንም አያድንም።