እንጨትን ሥሩት እንጂ አትሰሩት

በክረምት አልዘጋ የሚል በር ያላየ ማን አለ? ሐምሌ ላይ በሩ ከመቃኑ ጋር ይታገላል። አናጢ ይጠራል፤ ጠርዙን በመላጊያ ላግ ላግ አድርጎ ይሄዳል። ጥር ሲደርስ በዚያው በር ጎን ንፋስ ያፏጫል፤ “ያ አናጢ በሩን አሳነሰው” ተብሎ ይታማል። አናጢው ያነሣው ስስ ልጣጭ ብቻ ነበር። የቀረውን ያሳነሰው በጋው ነው፤ እንጨቱ በክረምት የጠጣውን መለሰ።

ያ በር ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ አንድ ቫን ውስጥ ተንበርክኬ። የዕቃ መጫኛ ቫኑን ተኝተው የሚያድሩበት፣ አብስለው የሚበሉበት ካምፐር ላደርገው ተነሣሁ። ለኪችኑ ቆንጆ የሜፕል ካውንተር በብርዱ ወር ሠራሁ፤ ዙሪያውን በኮላና በቪቲ ከካቢኔቱ ጋር አጣበቅኩት። ከዚያ ለሥራ ወደ ዋሽንግተን ግዛት የባሕር ዳርቻ ሄጄ ሁለት ወር ዝናብ ውስጥ ከረምኩ። ካውንተሩ መሐሉ ወደ ላይ ጎበጠ። ኦሮራ ተመልሼ ማሞቂያው መሥራት ሲጀምር ደግሞ ከሲንኩ ማዕዘን ተነሥቶ ቷ ብሎ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የእንጨቱ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ ግን ከሰማሁትና ካመንኩት ወሬ ነበር፤ ከነዚያ ወሬዎች ዋና ዋናዎቹ እነሆ።

የተሳሳተ አመለካከት 1፦ “በደንብ የደረቀ እንጨት አይንቀሳቀስም”

እውነታው፦ ደርቆ ያበቃ እንጨት የለም። እንጨት ካለበት አየር ጋር እየተስማማ ውሃ ይወስዳል፣ ውሃ ይመልሳል። በተለመደው የክፍል ሙቀት የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 30 በመቶ ከሆነ፣ እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 6 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል። እርጥበቱ 50 በመቶ ሲሆን ወደ 9፣ 80 በመቶ ሲሆን ወደ 16 ከፍ ይላል። አንድ ቤት ውስጥ የተገጠመ ካውንተር የሚያውቀው የአንድ ቤት አየር ብቻ ነው። የካምፐር ካውንተር ግን ሰኞ በረሃ፣ ዓርብ ባሕር ዳር ይገኛል።

እንቅስቃሴው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቃጫው ርዝመት በኩል ከቁጥር አይገባም፤ አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ሜፕል የውሃው መጠን በ4 የመቶኛ ነጥብ ቢለወጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በወርዱ ሌላ ነው። ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሜፕል በዚያው ለውጥ፣ ጣውላው ከግንዱ በተሰነጠቀበት አቅጣጫ ላይ ተመሥርቶ፣ ከ3 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ወይም ይጠባል። የዓመት ክቦቹ በጣውላው ገጽ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ከሆነ ትንሹን፣ ክቦቹ ከገጹ ጋር የተጋደሙ ከሆነ ትልቁን ያህል ይንቀሳቀሳል። እንጨት ስትመርጡ የጣውላውን ጫፍ አይታችሁ ክቦቹን ማንበብ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 2፦ “መኪና ስለሚንቀጠቀጥ ካውንተሩ ጥርቅም ተደርጎ መታሰር አለበት”

እውነታው፦ ግማሹ ልክ ነው፤ ስሕተቱ በሌላው ግማሽ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ያለ ነገር ሁሉ የክብደቱን 20 እጥፍ ያህል ኃይል ይዞ ወደ ፊት ይሄዳል። 10 ኪሎ የሚመዝን ካውንተር ያን ጊዜ እንደ 200 ኪሎ ነው። ስለዚህ ካቢኔቱ ከቫኑ ብረት ጋር በብሎን፣ ካውንተሩም ከካቢኔቱ ጋር በሚገባ መያያዝ አለበት።

ነገር ግን መያዝና ማነቅ ይለያያሉ። ካውንተሩ እንዳይነሣ ወደ ታች ያዙት፤ በወርዱ ግን መተንፈሻ ስጡት። አሠራሩ ቀላል ነው። በፊት ለፊት ጠርዝ በኩል ቪቲዎቹ በክብ ቀዳዳ ይታሰራሉ፤ እዚያ እንጨቱ አይንቀሳቀስም። በጀርባ በኩል ቀዳዳዎቹ ከፊት ወደ ኋላ ሞላላ ይሆናሉ፤ ቪቲው ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላ ይደረግለታል፤ ከመጠን በላይ አይጠብቅም። ከጀርባው ግድግዳ ጋር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። ኮላ በካውንተሩና በካቢኔቱ መካከል ምንም ቦታ የለውም።

እኔ ያደረግሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። እንጨቱ ሲያብጥ የሚሄድበት ስላጣ ጎበጠ፤ ቃጫው እርስ በርሱ ተጨፍልቆ ቀረ። ሲደርቅ ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ ሊጠብ ፈለገ፤ ቪቲዎቹ ከለከሉት፤ ከመሰንጠቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ስንጥቁ ከሲንኩ ማዕዘን መጀመሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ቀዳዳውን በመጋዝ ሹል ማዕዘን አድርጌ ቆርጬው ነበር፤ ውጥረት ሁሉ የሚሰበሰበው ሹል ማዕዘን ላይ ነው። ማዕዘኖቹን አስቀድሞ በድሪል ክብ በስቶ ከዚያ መቁረጥ ይሻላል።

ያለ ኮላ መታሰር ሌላም ጥቅም አለው፤ ካውንተሩ ይፈታል። የጀርመኑ ዌስትፋሊያ ኩባንያ በ1951 እ.ኤ.አ. ለፎልክስዋገን ቫን ያዘጋጀው “የካምፒንግ ሣጥን” ሲፈለግ የሚገባ፣ ሲፈለግ የሚወጣ ዕቃ ነበር። ያ ልማድ ዛሬም ይበጃል፤ ሊፈታ የሚችል ካውንተር ሊጠገን ይችላል።

የተሳሳተ አመለካከት 3፦ “ቫርኒሽ ከተቀባ እርጥበት አያገኘውም”

እውነታው፦ ቫርኒሽ የፈሰሰ ውሃን ይመልሳል፤ በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ግን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ማዘገየቱም ትልቅ ጥቅም አለው፤ እንጨቱ የአንድ ቀን ዝናብ ባየ ቁጥር አይደነግጥም። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ሁሉም ገጽ እኩል ሲቀባ ነው። አብዛኛው ሰው የሚታየውን ፊት አራት ጊዜ ቀብቶ የማይታየውን ሥር ባዶ ይተወዋል። ያን ጊዜ ሥሩ ቶሎ ሲጠጣና ቶሎ ሲደርቅ ፊቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጣውላውም እንደ ሳሕን ይጎደጉዳል። ፊቱን የቀባችሁትን ያህል ጊዜ ሥሩንም ቀቡ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው የቃጫው ጫፍ ነው። እንጨት በሕይወት ሳለ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል ያሳልፍ የነበረው በቃጫው ርዝመት በሚሄዱ ቱቦዎች ነው፤ ከተቆረጠ በኋላም ጫፋቸው ከገጹ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይጠጣል። ለሲንክና ለቧንቧ በተቆረጠው ቀዳዳ ዙሪያ የሚታየው ይኸው ጫፍ ነው። የካውንተር መጥቆርና መበስበስ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ ሲንኩ ከመገጠሙ በፊት የቀዳዳውን ውስጥ በቫርኒሽ ደጋግማችሁ አጥግቡት፤ ከዚያ ሲሊኮን ይከተል።

ሌላው የማይታይ ውሃ ከምድጃው ይመጣል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ጋዝ ሲነድ ከ1.6 ኪሎ በላይ የውሃ እንፋሎት ይፈጥራል፤ ከድስቱ የሚወጣው ሳይቆጠር። ቤት ውስጥ ይህ አይሰማም። በቫን ጠባብ አየር ውስጥ ግን በመስኮቱ ላይ ይወርዳል፤ ካቢኔቱ ውስጥም ይገባል። ወጥ ስትሠሩ የጣሪያውን ማናፈሻ ክፈቱ፤ ከማንኛውም ተጨማሪ ቅብ የበለጠ እንጨታችሁን ይጠብቃል።

የተሳሳተ አመለካከት 4፦ “ዘይት ሁሉ ያው ነው፤ ተፈጥሯዊ ስለሆነም አደጋ የለውም”

እውነታው፦ ምጣድ ያሟሸ ሰው ይህን ነገር በከፊል ያውቀዋል። ጎመን ዘር በጋለ ምጣድ ላይ ሲታሽ ዘይቱ ተለውጦ ወደ ጠንካራ ሽፋን ይሄዳል፤ ዘይትነቱ ይቀራል። የተልባ ዘይትም ያለ እሳት፣ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ቀስ እያለ እንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። ከፔትሮሊየም የሚገኘው የማዕድን ዘይት ግን መቼም አይጠነክርም፤ እርጥብ እንደሆነ ይኖራል፤ እየታጠበ ስለሚወጣም በየጊዜው መደገም አለበት። ለመክተፊያ ጥሩ ነው፤ ለካውንተር ግን ደካማ ጋሻ ነው።

ሱቅ ውስጥ “የተፈላ የተልባ ዘይት” ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ በስሙ ብቻ የተፈላ ነው። ቶሎ እንዲደርቅ እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ ማድረቂያ ብረታ ብረቶች የተጨመሩበት ነውና ለምግብ ከሚሸጠው የተልባ ዘይት ጋር አታምታቱት። እንዲህ ያለ ቅብ ምግብ የሚነካው ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ በኋላ ነው፤ ሲነካ መድረቁና መጠንከሩ አንድ አይደሉም። ብዙ ጊዜ ሳምንታት፣ እስከ አንድ ወር ድረስ ይጠይቃል።

አደጋው የተቀመጠው ግን በጨርቁ ላይ ነው። የተልባ ዘይት ኦክስጅን ሲወስድ ሙቀት ያወጣል። በእንጨቱ ላይ ሙቀቱ ይበተናል፤ ተጨማድዶ በተጣለ ጨርቅ ውስጥ ግን ይጠራቀማል፤ ያለ ክብሪት፣ ያለ ብልጭታ እሳት ይነሣል። ሠርተው ደክመው የተኙ ሰዎች ቤትና መኪና በዚህ መንገድ ተቃጥሏል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ውጭ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ አለዚያ ውሃ በተሞላ ክዳን ያለው ብረት ዕቃ ውስጥ ክተቱት። ቫን ውስጥ ፈጽሞ አትተዉት።

የተሳሳተ አመለካከት 5፦ “ወፍራም ካውንተር ጠንካራ ካውንተር ነው”

እውነታው፦ ቤት ውስጥ ውፍረት ክብር ነው፤ መኪና ውስጥ ዕዳ ነው። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 50፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኦክ 21 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ውፍረቱ በግማሽ ቢቀነስ ክብደቱም ወደ 10 ተኩል ይወርዳል። በዚያው ርዝመትና ወርድ፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግራናይት ግን 40 ኪሎ ያህል ነው። በአውሮፓ ብዙዎቹ ካምፐሮች የሚመዘገቡት ለረጅም ዘመን የተራው መንጃ ፈቃድ ወሰን በነበረው 3,500 ኪሎ ስለሆነ፣ በካውንተር የተበላ ኪሎ ከውሃ፣ ከባትሪና ከሰው የሚቀነስ ነው።

ካውንተሩ ካቢኔት ላይ ተደግፎ ስለሚተኛ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። የወፍራም መልክ የወደደ ሰው ፊት ለፊት ያለውን ጠርዝ ብቻ ወደ ታች በሚወርድ ከንፈር ያወፍረው፤ ዓይን የሚያየው ጠርዙን ነው። ኮምፔርሳቶን የሚንቁም ተሳስተዋል። ንብርብሮቹ ቃጫቸው ተሻግሮ ስለተጣበቀ አንዱ ሌላውን ይይዛል፤ ስለዚህ ከአንድ ወጥ ጣውላ ያነሰ ይንቀሳቀሳል። ጥሩ ኮላ ያለው ኮምፔርሳቶ ላይ ቀጭን የእንጨት ፊት መለጠፍ በቫን ውስጥ ብልህነት ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 6፦ “እንጨት ጀርም ይይዛል፤ ፕላስቲክ ንጹሕ ነው”

እውነታው፦ የምግብ ማይክሮባዮሎጂስቱ ዲን ክሊቨርና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ መክተፊያዎችን ፈትሸው ነበር። እንጨት ላይ የተደረጉ ባክቴሪያዎች ወደ ውስጥ ሰርገው ሳይባዙ ቀስ በቀስ ሲሞቱ አገኙ። አዲስ ፕላስቲክ በቀላሉ ይጸዳል፤ ቢላ የቦጫጨረው ፕላስቲክ ግን ባክቴሪያውን በጭረቱ ውስጥ ይዞ በእጅ ማጠብን አሸነፈ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያዘጋጀው የምግብ ደንብ ናሙናም እንደ ሜፕል ያለ ጠንካራ፣ ቃጫው ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ለመክተፊያ እንዲውል ይፈቅዳል።

ይህ ማለት ግን እንጨት ራሱን ያጥባል ማለት አይደለም፤ የክሊቨር ሥራ የተመለከተውም መክተፊያ እንጂ ቫርኒሽ የተቀባ ካውንተር አይደለም። ለክትፎ ሥጋችሁን በመክተፊያ ላይ ክተፉ፤ ካውንተሩን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው አድርቁ።

አጫጭሮቹ

“ያገኘሁት ቪቲ ይበቃል።” አይበቃም። ኦክ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረትና ከውሃ ጋር ሲገናኝ እንደ ቀለም ይጠቁራል፤ የማይዝግ ብረት ምረጡ። ርዝመቱንም ለኩ፤ በ2 ሴንቲ ሜትር ካውንተር ከሥር ገብቶ በፊቱ ብቅ ያለ ቪቲ የማይረሳ ትምህርት ነው።

“እንጨት ከምድጃ ጋር አይኖርም።” ይኖራል፤ ግን የምድጃው መመሪያ የጻፈውን ርቀት ጠብቆ። የጋለ ድስት ማስቀመጫ አዘጋጁ፤ ሙቀት መጀመሪያ የሚያበላሸው እንጨቱን ሳይሆን ቅቡን ነው።

የአሁኑ ካውንተሬም ሜፕል ነው። ፊት ለፊት ታስሯል፤ ከጀርባ በሞላላ ቀዳዳ ይንሸራተታል። ቫኔን ሊያይ የመጣ ሁሉ ከግድግዳው ጋር ያለውን ክፍተት እያሳየ “ይቺን አልጨረስካትም” ይለኛል። ኦሮራ በብርዱ ወር ክፍተቷ እርሳስ ታስገባለች፤ ባሕሩ ዳር ስደርስ ሳንቲም ብቻ ነው የሚሾልክባት። እኔም “ጨርሻታለሁ” እላለሁ፤ የቀረውን የሚሠራው አየሩ ነው።