ከመጠጥ ለመላቀቅ የድጋፍ ስብሰባ እንዴት ይገኛል?

በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ስለ መጠጥ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «አትጠጡ» የሚለው ብቻ ነው። ትምህርቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ማቆም ያቃተው ወንድም ወይም እኅት በመካከላችን ተቀምጦ ይህን ሲሰማ ምን ያደርጋል? ይደብቃል። እሑድ ማስቲካ እያኘከ ይመጣል፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ ሰላም ስንለው ፊቱን ዞር ያደርጋል። ውሎ አድሮም ይቀራል፤ እኛም «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» እንላለን። ይህን የምንጽፈው ለእርሱና ለቤተ ሰቡ ነው፤ በተለይም በአሜሪካ ለምትኖሩ።

አስቀድመን አንድ ማሳሰቢያ እንስጥ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ድንገት ቀጥ አድርጎ ቢያቆም ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሲብስ እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጣል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያነጋግር። እነዚህ ከባድ ምልክቶች ከታዩ ወዲያው 911 መደወል ነው እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እጅ ጭኖ ማደር አይገባም። አምቡላንሱ እስኪመጣ መጸለይ ይቻላል።

ከታወቁት የድጋፍ ማኅበራት ሁሉ በስፋት የሚገኘው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (በአጭሩ ኤ.ኤ.) ነው። አጀማመሩን ማወቅ ለእኛ ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ ቆሞ ነበር። የመጣበት ንግድ ከሽፎበታል፤ መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወሩ ነው፤ በአንድ ወገን የሆቴሉ መጠጥ ቤት ይታየዋል። እርሱ ግን እዚያው ከተሰቀለው የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አንድ ስም መርጦ ለአንድ ቄስ ደወለ፤ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ እንዲያገኙለት ለመነ። ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቆይቶ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ እቆያለሁ ብሎ መጥቶ ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጠ። ዶክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ሰኔ 10 ቀን 1935 የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይቆጠራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ስብሰባ ራሱ በአንድ ስልክ ጥሪ የተገኘ ነው።

ዛሬ መፈለጉ እጅግ ቀሏል። ማኅበሩ «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባል ነፃ የስልክ አፕ አለው፤ ያላችሁበትን አካባቢ ይዞ በአቅራቢያችሁ የትኛው ስብሰባ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንዳለ ያሳያል። በብዙ ከተሞችም የማኅበሩ ቢሮ ስልክ ይመልሳል። ሕክምናም ጭምር ለሚፈልግ የአሜሪካ መንግሥት ነፃ የምሪት መስመር 1-800-662-4357 ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መጠየቅ ትችላላችሁ።

በዝርዝሩ ላይ «ክፍት» እና «ዝግ» የሚል ልዩነት ታያላችሁ። ወደ ክፍት ስብሰባ ማንም መግባት ይችላል፤ ዝጉ መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። አባል ለመሆን የሚጠየቀው ማቆም መፈለግ ብቻ ነው፤ ክፍያ የለም፣ መዝገብ የለም፣ የአባት ስምም አይጠየቅም። ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይካሄዳሉ፤ ማኅበሩ ግን ክፍሉን ይጠቀማል እንጂ የቤተ ክርስቲያኒቱ አገልግሎት አይደለም። አዲስ ሰው ዝም ብሎ ቢያዳምጥ ማንም አያስገድደውም። አንዱ ስብሰባ ባይስማማችሁ ሌላ ሞክሩ፤ ቡድኖቹ እንደ ሰዎቹ ይለያያሉ።

«የአበሻ ሰው ቢያየኝስ?» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ቤት አስቀርቷል። ከሰፈራችሁ ራቅ ያለ ስብሰባ መምረጥ ይቻላል፤ በኢንተርኔት የሚካሄዱም አሉ። ደግሞም አበሻ ብታገኙ እርሱም የመጣው ለዚያው ነው።

አንዳንድ ምእመናን «ከእኛ የሚበልጥ ኃይል» የሚለውን አነጋገር ሰምተው ሌላ ሃይማኖት እንዳይሆን ይሰጋሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማኅበሩ የየትኛውም እምነት አይደለምና ሁሉም እንደ መረዳቱ ይናገራል። ይሁን እንጂ መሥራቾቹ ብዙ የተማሩት ኦክስፎርድ ግሩፕ ከተባለ ክርስቲያናዊ እንቅስቃሴ ነው። ራስን መመርመር፣ ጥፋትን ለሌላ ሰው መናገር፣ የበደሉትን መካስ የሚሉት እርምጃዎች ያዕቆብ 5፥16ን ለሚያነብ እንግዳ አይደሉም። እኛ እንደሚመስለን፣ ክርስቶስን የሚያውቅ ሰው እምነቱን በር ላይ ሳይተው ሊገባ ይችላል። በግልጽ በኢየሱስ ስም የሚካሄድ ለሚፈልግ ደግሞ በካሊፎርኒያ በሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ሰለብሬት ሪከቨሪ አለ፤ በዚያ በመዝሙርና በትምህርት ተጀምሮ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ በትንንሽ ቡድን ይነጋገራሉ።

ቤተ ሰቡም አይረሳ። ባሏ የሚጠጣባት እኅት፣ ጠርሙስ ስትደብቅና ለአለቃው ስትዋሽለት ዓመታት ያሳለፈች፣ የራሷ ስብሰባ አላት፤ አል-አኖን ይባላል፤ የቢል ባለቤት ሎይስ እ.ኤ.አ. በ1951 ከመሠረቱት አንዷ ናት። እርሱ ለመሄድ እምቢ ቢልም እርሷ መሄድ ትችላለች።

ሽማግሌዎችና የቤት ለቤት ኅብረት መሪዎች ከዚህ የሚደርሳቸው ሥራ ትንሽ ናት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄደውን ሰው በመኪና ማድረስ። ስብሰባው ክፍት ከሆነ አብሮት መቀመጥ፣ ዝግ ከሆነ ውጭ ቆይቶ መጠበቅና ሲወጣ «ምን ተባለ?» ሳይሉ ወደ ቤቱ መመለስ ነው።